ሰይጣን ምንጭ ሆኖ ሲጠቀስ

ለእኛ ለኦሎምፒያ ልጆች መላእክት በመጀመሪያ አድራሻ ናቸው፤ ሰማያዊነታቸው በኋላ ነው የሚመጣው። «የት ደረስሽ?» «ኡራኤል ጋ ነኝ» እንባባላለን። «የትኛው ኡራኤል? ሰማይ ያለው ነው ፌርማታው?» ብሎ የጠየቀ ሰው እስካሁን አልገጠመንም። መላእክት የቀን መቁጠሪያችንም ናቸው። የፈረንጁን ቀን ስልካችን ይነግረናል፤ የሐበሻውን የምናውቀው ግን ቅዱሳኑ ሲመጡ ነው። «ነገ ሚካኤል ነው» ከተባለ ዛሬ 11 ነው። ብር ያበደርነው ልጅ «ገብርኤል ይለፍና እሰጥሻለሁ» ካለን ከ19 በኋላ ማለቱ ነው (የየትኛው ወር ገብርኤል እንደሆነ አለመናገሩ ላይ ነው ተንኮሉ)። 22 ሲሆን ኡራኤል አካባቢ ነጠላ በነጠላ ይሆንና ታክሲ ይጠፋል። ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ ግማሹ ጓደኛችን ለቁልቢ ገብርኤል ስለት፣ ግማሹ ለድሬዳዋ ሽርሽር ይነሳል። በአንድ አውቶቡስ ስለሚሄዱ የትኛው ለምን እንደተሳፈረ የሚያውቀው ገብርኤል ብቻ ነው። ጳጉሜ 3 ደግሞ ሩፋኤል ነው። የዚያን ቀን ዝናብ ጠበል ነው ተብሎ ልጆች ግቢ ውስጥ ይቦርቁበታል፤ እኛ ዕድሜው ስላለፈብን ባልዲ በረንዳ ላይ አስቀምጠን ሰማይ ሰማይ እናያለን።

ስሟን የምንጋራት የግሪኳ ኦሎምፒያ ጥንት የዜውስ ቤተ መቅደስ የነበረባት ቦታ ናት። የእኛዋ ኦሎምፒያ ደግሞ በአንድ በኩል እስጢፋኖስ፣ በሌላ በኩል ኡራኤል፣ ወደ ቦሌ ሲወረድ መድኃኔዓለም አሉላት። በመካከሉ ያለውን የምሽት ቤት ብዛት እናንተው ታውቁታላችሁ። ለሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከጭፈራ የሚመለሰውና ኪዳን ለማድረስ የሚሄደው በአንድ አስፋልት ላይ ይተላለፋሉ። አንዱ ሌላውን አይቶ በልቡ ያማትባል። ማን በማን እንደሚያማትብ አንናገርም።

አጋንንትስ? እነሱ በእኛ ሰፈር አድራሻ የላቸውም፤ ግስ ናቸው። ለከፋት፣ ጠናወታት፣ ተጠጋት፣ ሰፈረባት… ከሁሉም የምታስፈራን ግን «አለባት» የምትለዋ ናት። ማን ነው ያለባት? ምን ነው ያለባት? ዓረፍተ ነገሩ ባለቤቱን ደብቋል። ተናጋሪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዓይኑን ወደ በሩ ጣል አድርጎ «ልጅቷ እኮ አለባት» ካለ አበቃ፤ ልጅቷ ከዚያ ቀን ጀምሮ ብትስቅም አለባት፣ ብትተኛም አለባት፣ ሠላሳ ሞልቷት ባታገባማ ያለ ጥርጥር አለባት።

እናቶቻችን ደግሞ ሙሉ መመሪያ አላቸው። ማታ የፈላ ውኃ ስትደፉ «በስመ አብ» በሉ። በቀትር ሽቶ ተቀብታችሁ ወንዝ ዳር አትሂዱ። አመድ መድፊያ ላይ አትቁሙ። እኛ ወንዝም አመድም በሌለበት አራተኛ ፎቅ ላይ ብናድግም መመሪያው አልተሻረም፤ የእቃ ማጠቢያው ቧንቧ ላይ ትኩስ የፓስታ ውኃ ስንደፋ ዛሬም «በስመ አብ» እንላለን። ለነገሩ ምን ይጎዳል? ስንናደድ «ሰይጣኔን አታምጡት!» እንላለን። ክፉ ነገር ካፋችን ሲያመልጠን «የሰይጣን ጆሮ ይደፈን!» እንላለን።

ዛሬ ማውራት የፈለግነው ስለዚህች የመጨረሻዋ አባባል ነው። ጆሮው ይደፈን እያልን የምንጸልይበት ሰይጣን አፉን የከፈተ ዕለት እኛ ጆሯችንን አቁመን እንሰማዋለን። ማዳመጥ ብቻ ቢሆን ምን ነበር! ቃሉን ተቀብለን ጎረቤት እናወግዛለን።

*

ልጆች ሳለን ቴሌቪዥኑ ሥር አንድ ላስቲክ ነበር። የአጎታችን የሠርግ ቪሲዲ፣ የመዝሙር ቪሲዲና አጋንንት ሲወጡ የሚያሳየው ቪሲዲ በእሱ ውስጥ ተቃቅፈው ይኖሩ ነበር። በጣም የምናየው የቱን እንደነበር መገመት አያቅታችሁም። ቀን በቀን አይተነው ማታ ሽንት ቤት የምንሄደው ሦስት ሆነን ነበር። ዛሬ ቪሲዲው ቀርቶ በዩቲዩብና በቲክቶክ ተተክቷል። ላስቲኩም ኪሳችን ውስጥ ገብቷል፤ ቅርጹ ግን ያው ነው።

አንዲት ልጅ (አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት፤ አብዛኛውን ጊዜም የእኛ እኩያ) ትጮሃለች፤ ትወድቃለች። ከዚያ ቃለ መጠይቁ ይጀመራል።

«ማን ነህ?»

«ዓይነ ጥላ ነኝ!»

«መቼ ያዝካት?»

«ትምህርት ስትጨርስ።»

«ምን አደረግክባት?»

«ሥራ እንዳታገኝ አሰርኳት፤ ትዳሯን ዘጋሁ።»

«ማን ላከህ?»

እዚህ ላይ ካሜራው ይጠጋል፤ የተሰበሰበው ሰው ትንፋሹን ይውጣል። መልሱም ይመጣል፤ «ጎረቤቷ!» ወይም «የአባቷ እኅት!» ወይም «አብራት የምትሠራዋ፣ ቀይዋ!»

ከዚያ «እልል!» ይባላል። ሰይጣኑ ተቃጠልኩ ብሎ ይወጣል፤ ልጅቷ ውኃ ተረጭቶባት ትነሳለች፤ ቪዲዮውም ያልቃል። እኛ ግን አንድ ነገር እናስብ፤ የአባቷ እኅት ማታ ቤቷ ስትገባ ምን ይገጥማታል?

ይህ የአንድ ቤተ እምነት ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። በጠበሉ ቦታ «ልቀቅ!» የሚባለው በአዳራሹ «በኢየሱስ ስም ውጣ!» ይባላል፤ የሙስሊም ጓደኞቻችን ሰፈር ደግሞ ጂን ይባልና ቁርአን ይቀራበታል። ጸሎቱ ይለያያል። «ማን ላከብኝ?» የምትለዋ ጥያቄ ግን ሁሉም ዘንድ ደጋግማ ስትመጣ አይተናል።

ጋዜጠኝነት ስንማር መጀመሪያ ያስተማሩን ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት ብሎ መጠየቅን ነው። ያንን ቪዲዮ በዚህ ዓይን ካያችሁት ጠያቂው ጎበዝ ሪፖርተር ነው፤ አንድም አላለፈውም። ሁለተኛው ትምህርት ግን ይቀረዋል። ሁለተኛው ትምህርት ስለ ምንጭ ነው። የነገረህ ማን ነው? ይህን እንዴት ሊያውቅ ቻለ? ቢዋሽ ምን ይጠቀማል? ሌላ የሚያረጋግጥልህ ሰው አለ? ስሙ የጠፋው ወገንስ ተጠይቋል?

እስቲ ይህን ሰይጣን ላይ እንሞክረው። የነገረን ማን ነው? ሰይጣን። ቢዋሽ ምን ይጠቀማል? ሁሉን ነገር! ሥራው ነዋ! የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 8 የሐሰት አባት የሚለው እሱን ነው። ሌላ ምንጭ አለ? የለም። የተከሰሰችው ሴት ተጠየቀች? አልተጠየቀችም፤ በዚያ ሰዓት ሽሮ እያማሰለች ነበር። ይህን ዜና ይዛችሁ ዴስክ ብትቀርቡ የትኛውም አዘጋጅ ወረቀቱን ፊታችሁ ላይ ይመልሰዋል። እኛ ግን ቤተሰብ እንበትንበታለን።

*

ነገሩን በሩቁ የምናወራ እንዳይመስል ከግቢያችን አንድ ታሪክ እንንገራችሁ። ስም አንጠራም፤ የልጅቷንም፣ የተወሰደችበትን ቦታም።

ከእኛ ጋር የተመረቀች ልጅ ናት። ከተመረቅን በኋላ ባለው ዓመት እንቅልፍ እምቢ አላት። መጀመሪያ ላይ የሥራ ፈላጊ እንቅልፍ ማጣት መስሎን ሁላችንም ስቀን አለፍነው፤ ማን ተኝቶ ነው! ቆይቶ መስኮቱን በጋዜጣ ሸፈነችው። ሰዎች ስሜን እየጠሩ ይሰድቡኛል አለች። ምግብ ስትቀርብላት ታሸታለች። እናቷ እንደ ማንኛዋም የሐበሻ እናት ቀድማ ያሰበችው ጠበልን ነው። ይህን ማንም ሊወቅስ አይችልም። ልጅ ሲታመም ወደሚታመንበት ይሮጣል።

እዚያ ሄደው ያ ቃለ መጠይቅ ተደረገ። መልሱም «የታች ቤቷ ሴትዮ፣ በቡና» የሚል ሆነ።

የታች ቤቷን እትዬ እኛ እናውቃቸዋለን። ፈተና ስንደርስ ጧፍ የሚያበሩልን፣ መብራት ሲጠፋ ከሰል የሚያቀጣጥሉልን፣ ቡናቸው ሦስተኛው ላይ እንኳ የማይቀጥን ሴት ናቸው። ስንመረቅ ቄጠማ የጎዘጎዙት እሳቸው ነበሩ። ከዚያ ቀን በኋላ በሩ ተዘጋባቸው። ልጆች በደጃቸው ሲያልፉ እናቶቻቸው እጃቸውን ጎተት ያደርጋሉ። ሲኒያቸው ተደርድሮ ጠጪ ያጣል። እትዬ አንድ ቀን ደረጃው ላይ አስቁመውን «እስቲ ልጆቼ፣ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ። እኔ ምን አድርጌ ነው?» አሉን። ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ በየትኛውም ሴሚስተር አላስተማሩንም።

ልጅቷስ? ከብዙ ወራት በኋላ አንድ የሩቅ ዘመድ አማኑኤል ሆስፒታል ይዟት ሄደ። ሐኪሙም እንደ ጠበሉ ቦታ ጠየቀ፤ መቼ ጀመረሽ? ምን ትሰሚያለሽ? እንቅልፍሽ እንዴት ነው? ልዩነቱ የጠየቀው እሷን ራሷን መሆኑ ነው። መድኃኒት ተሰጣት። እናቷ ጠበሉን አላስተዉአትም፤ ማለዳ ጠበሏን ትጠጣለች፤ ማታ ኪኒኗን ትውጣለች። ዛሬ ሥራ አላት። እኛን በሳቅ ታፈርሰናለች። መስኮቷም ክፍት ነው።

የእትዬ በር ግን አሁንም እንደተዘጋ ነው። ልጅቷ ድናም ክሱ አልተነሳም። ሰይጣኑ ወጥቷል ይባላል እንጂ ቃሉ ግቢው ውስጥ ቀርቷል።

*

አሁን «እናንተ ዘመናዮች፣ መልአክና ሰይጣን የለም ልትሉን ነው?» የሚል አይጠፋም። ኧረ በጭራሽ! እኛ እናምናለን። ያማረርነው ከመጽሐፉ በላይ የሰይጣንን ቃል የሚያምነውን ነው። እስቲ መጻሕፍቱን እንገልብጣቸው፤ ደግሞም አንዳንዶቹ ከእኛ በቀር ሙሉውን ማንም ያልጠበቃቸው ናቸው።

መጽሐፈ ሄኖክን ውሰዱ። ሙሉው የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከኢትዮጵያ ቅጂዎች ይዞ ባይመለስ ኖሮ አውሮፓ ታሪኩን በቁርጥራጭ ነበር የምታውቀው። እዚያ ውስጥ 200 መላእክት ተማምለው በአርሞንዔም ተራራ ላይ ይወርዳሉ (በታክሲ ቋንቋ «ወራጅ አለ!»)። አንዱ አዛዝኤል ለወንዶች ሰይፍና ጋሻ መሥራትን፣ ለሴቶች አምባርና ኩል ያስተምራል። እኛ ሴቶች ኩሉን እያነሱ ሲገስጹን ብዙ ስብከት ሰምተናል፤ ስለ ሰይፉ ግን እምብዛም ስብከት አልሰማንም። ይሁን እሺ። በዚያው መጽሐፍ ደግሞ የሰፈራችን ኡራኤል አለ። እሱ ሄኖክን እየመራ የፀሐይን መውጫና መግቢያ፣ የጨረቃን መጉደልና መሙላት፣ የከዋክብትን ሥርዓት የሚያሳየው መልአክ ነው። ማለትም ፌርማታችን የተሰየመው በአስተማሪ ነው።

ወደ መጽሐፈ ኩፋሌ እንለፍ። ከጥፋት ውኃ በኋላ ክፉ መናፍስት የኖኅን የልጅ ልጆች ያስቸግራሉ። ኖኅ ይጸልያል። ሁሉም እንዳይታሰሩ የመናፍስቱ አለቃ መስቴማ ይለምንና አንድ አሥረኛው ይተዉለታል። መላእክቱ ታዲያ ለቀረው አንድ አሥረኛ ምን መላ አመጡ? ለኖኅ የበሽታዎቹን መድኃኒት አስተማሩት፤ በምድር ዕፅዋት እንዴት እንደሚፈውስ ነገሩት፤ እሱም ጻፈው። ልብ በሉልን። ከአጋንንት ጋር በተያያዘ ታሪክ ውስጥ መላእክት ያመጡት መፍትሔ የመድኃኒት መጽሐፍ ነው። «ማን እንደላከባችሁ እንንገራችሁ» አላሉም።

ከሁሉ ግን ልባችንን የሚነካው ሩፋኤል ነው። በመጽሐፈ ጦቢት ሣራ የምትባል ልጅ አለች። ሰባት ጊዜ ተድራ ሰባቱም ባሎቿ በሠርጋቸው ሌሊት ሞቱባት፤ የገደላቸው አስማንድዮስ የተባለ ጋኔን ነው። የቤቷ አገልጋይ ግን ምን አለቻት? ባሎችሽን የገደልሽው አንቺ ነሽ ብላ ሰደበቻት። ሣራ ከዚህ ክስ የተነሳ ራሷን ልታጠፋ አሰበች፤ ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄዳ ጸለየች። እግዚአብሔርም ሩፋኤልን ላከላት። ሰባት ሬሳ ባለበት ታሪክ ውስጥ መልአኩ የመጣው «አለባት» ተብላ ለተከሰሰችው ሴት ነው። መጥቶም ሊመረምራት ወይም ሊያናዝዛት አልሞከረም፤ ክሱን አንስቶ ዳራት።

ደግሞ ሕክምናውን እዩት። ሩፋኤል ከወጣቱ ጦብያ ጋር መንገደኛ መስሎ ሲሄድ አንድ ዓሣ ይያዛል። የዓሣው ልብና ጉበት በእሳት ላይ ጢሶ ጋኔኑን ያባርራል። የዓሣው ሐሞት ግን ተለይቶ ይቀመጣል፤ እሱ ለጦብያ አባት ለታወረው ዓይን ነው። መልአኩ አንድ፣ ዓሣው አንድ፣ በሽታው ግን ሁለት፤ መድኃኒቱም ሁለት። የአባቱን ዓይን «ልቀቅ!» አላለውም፤ ሐሞት ቀባው። ስሙ «እግዚአብሔር ፈወሰ» ማለት የሆነው መልአክ ጋኔንንና የዓይን ሕመምን ለይቶ ያውቅ ነበር። የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ላይም ወደ ጌታ የመጡት ሲዘረዘሩ አጋንንት ያደሩባቸው ለብቻ፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ለብቻ፣ ሽባዎቹ ለብቻ ተጽፈዋል።

ወንጌል ላይ ደግሞ ቃለ መጠይቅ ፈልጉ። ጌታ በጌርጌሴኖን ያገኘውን ስሙን ጠይቆታል፤ ሌጌዎን ነኝ አለ። ከዚያ በኋላ የላከህ ማን ነው፣ የጎረቤትስ ስም ማን ነው የሚል ጥያቄ የለም። በሌሎቹ ቦታዎች ላይማ የሚያደርገው ዝም ማሰኘት ነው። ማርቆስ ምዕራፍ 1 ላይ አጋንንቱ ስለ እሱ እውነቱን እያወቁ እንኳ እንዲናገሩ አልፈቀደላቸውም። ልብ በሉ፤ እውነት ይዘውም አልተፈቀደላቸውም! የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ላይ ደግሞ ጳውሎስ መንፈስ ያደረባትን አገልጋይ ልጅ ሲፈውስ በመጀመሪያ የተቆጡት ጌቶቿ ናቸው፤ በእሷ መለፍለፍ ገቢ ያገኙ ነበርና። የእይታ ቁጥር ለሚቆጥሩ የዛሬ ጌቶች ይህች ምዕራፍ በስጦታ ትሰጥልን።

*

«አጋንንት» ስንለው የነበረው ነገር ስሙን ይዞ ወደ ሐኪም የሄደበት ምሳሌም አለን። አያቶቻችን ሾተላይ የሚሉት ነበር። ሕፃናትን ተከታትሎ የሚገድል፣ እናትን መካን የሚያስመስል። በብራና ክታብ ላይ በቁመታቸው ልክ አጽፈው፣ የመላእክት ዓይን ተሥሎበት፣ አንገታቸው ላይ ያስሩት ነበር። ዛሬ ሾተላይ ብላችሁ ክሊኒክ ብትጠይቁ ነርሷ ሳትደነግጥ የደም ዓይነታችሁን ትመረምራለች። እናት አርኤች ኔጋቲቭ፣ ልጅ ፖዘቲቭ ሲሆኑ የእናት ሰውነት የሚቀጥለውን ፅንስ እንደ ባዕድ ሊዋጋ ይችላል፤ ከወለደች በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ መርፌ ይህን ይከላከላል። ስሙ እስከ ዛሬ ሾተላይ ነው። ግን እስቲ ስንት ምራት፣ ስንት የእንጀራ እናት፣ ስንት «ዓይነ ክፉ» ጎረቤት በእነዚያ ሕፃናት ሞት ተጠርጥራ ኖራ እንደሞተች አስቡት። መርፌው ሕፃናቱን ያድናል፤ ለእነሱ ስም ግን መርፌ የለም።

ጠበልና መድኃኒት ባላንጣ ናቸው የሚለውንም ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ መልሳለታለች። በ1990ዎቹ እንጦጦ ማርያም ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ብዙ ሰዎች የሚጠመቁበት ቦታ ነበር። ጠበል ከጀመርኩ ኪኒን መዋጥ እምነት ማጉደል ነው ብሎ መድኃኒቱን የተወ ብዙ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው፣ አብረው ይወሰዱ የሚል መልእክት በይፋ አስተላለፉ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ እዚያው እንጦጦ የአእምሮ ሐኪሞችና ካህናት ተባብረው ሕሙማንን የሚረዱበት ሥራ ታይቷል፤ ካህኑ ያጠምቃል፣ ሐኪሙ ያክማል፣ ታማሚውም መምረጥ አያስፈልገውም።

የኅዳር 12 ጢስ ትዝ ይበላችሁ። ሚካኤል ነው፤ ከተማው በሙሉ ቆሻሻውን ሰብስቦ ያቃጥላል፤ ኅዳር ሲታጠን እንለዋለን። መነሻው በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያጠቃው የኅዳር በሽታ ነው። ዓለም በፈረንጁ 1918 የስፔን ጉንፋን ያለው፣ ራስ ተፈሪን ሳይቀር አልጋ ላይ የጣለ። የዚያን ጊዜ ሰው ሚካኤልን ተማጠነ፤ ግቢውንም ጠረገ። ጸሎቱ ጠረጋውን አልከለከለውም (ጢሱ ለሳንባ ጥሩ ነው አላልንም፤ እሱን ለሌላ ቀን)።

*

እንግዲህ ሁለት ቃላት ፈትተን እንሰናበታችሁ። መልአክ የግእዝ ቃል ነው፤ «ለአከ»፣ ላከ ከሚለው ይመጣል፤ መልእክትና መልእክተኛ ወንድሞቹ ናቸው። ሰይጣን ደግሞ ከዕብራይስጡ ሲፈታ ባላጋራ፣ ከሳሽ ነው። ዲያብሎስ በግሪክ ስም አጥፊ ማለት ነው። ይህ ለእኛ ለወሬ ሰዎች ትልቅ ትምህርት ነው። አንዱ ወገን መልእክት ያደርሳል፤ ሌላው ይከሳል፣ ስም ያጠፋል። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ ጎረቤት ስትከሰስ፣ አክስት ስሟ ሲጠፋ ከሰማችሁ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ያለው ማን እንደሆነ ለማወቅ መነጽር አያስፈልግም። ሰይጣን ከልጅቷ ወጥቶ እልል ከሚለው ሰው አፍ ውስጥ የገባው ያኔ ነው።

ለሰፈራችን ልጆች አምስት ነጥብ እናስቀምጥ፤ ዴስካችን ላይ ብንለጥፈው የማናፍርበት፦

1ኛ፦ ሰይጣን ምንጭ አይሆንም። በስሙም፣ ስሙ እንዳይጠቀስ ጠይቆም።

2ኛ፦ «አለባት» ያላችሁን ሰው «ማን ነው ያለባት?» በሉት። ዓረፍተ ነገሩን ባለቤት ስጡት። ብዙ ጊዜ መልሱ ድካም ነው፤ አንዳንዴ ሐዘን፤ አንዳንዴ ሐኪም የሚያውቀው ሕመም።

3ኛ፦ የታመመ ሰው ፊት ካሜራ አይወጣም። ልጅቷ ነገ ትድናለች፤ ሥራ ትፈልጋለች፤ ቪዲዮው ግን አይድንም።

4ኛ፦ ጠበሏንም ኪኒኗንም አትቀሟት። ሩፋኤል ሁለቱንም በአንድ ጉዞ ይዟል።

5ኛ፦ ስሙ የጠፋውን ወገን ጠይቁ። ሌላው ቢቀር በሩን አንኳኩና «ቡና አለ?» በሉ።

ይህ የመጨረሻው በጣም ርካሹ ነው፤ መስበክም መከራከርም አይፈልግም። ቡናውን ጠጥቶ ደህና ሆኖ የወጣ አንድ ሰው ለግቢው ከአሥር ስብከት በላይ ይመሰክራል። እኛ ከእትዬ ቤት ሦስተኛውን ጠጥተን ነው ይህን የጻፍነው። ሦስተኛው አሁንም አልቀጠነም።

የሰይጣን ጆሮ ይደፈን። አፉም አብሮ!

ቸር ያሰማን።